ጀ የጎደለችበት ደብዳቤ

ሪያድ፥ ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት አባቴ ለሸህ አብዱልጀሊል ኸባብ፥
መካነ ሰላም።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? የቁርአን ደረሶችዎስ? ደጃፍዎ ላይ ያለችው ወይራ ዘንድሮም አልተቆረጠችም? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ስለ እኔ አያስቡ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ሾፌሩ የኋላሸት ፍላሻችንን ደሴ እያደረሰ በኢሜይል ስለሚልክልን አላህ ውለታውን ይክፈለው። ይቅር ይበሉኝና ሳነበው መጀመሪያ ሳቅሁ። «ይድረስ» ይላል፥ ለማን እንደሆነ የለም፤ ግርጌውም ላይ ከማን እንደሆነ የለም። «ከ» እና «ለ» የሌሉበት ደብዳቤ ማንም ለማንም ያልጻፈው ሆኖ ይቀራል። ኋላ ግን ጥፋቱ የቁልፎቹ መሆኑ ገባኝ፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ በመላኬም አፈርሁ። ኪታብዎን ይጻፉበት ብዬ መከራ ላክሁብዎ።

እንግዲህ ኮሌጅ የተማርሁትን ልንገርዎ፤ እዚህ ከጽዳት በቀር ሌላ ሥራ ስላላገኘሁ እኔም እንዳልረሳው ይረዳኛል። በመጀመሪያ አጥፍተው እንደገና ያስነሡት፤ ቋንቋው አማርኛ ላይ መሆኑን ይመልከቱ። ይህ ካልበጀ ያጥፉት፥ ገመዱን ይንቀሉ፥ እንደ ድንኳን ከፍተው ይድፉትና ጀርባውን በእጅዎ መታ መታ ያድርጉት፤ ፍርፋሪ ካለ ይወጣል። አማርኛን የምንጽፈው በፈረንጅ ፊደል ቁልፎች ስለሆነ አንዲት ቁልፍ ስትሞት ቤተሰቧ በሙሉ ይሞታል፤ «ከ» ስትሄድ ከ«ኩ» እስከ «ኮ» ተከትለዋት ይሄዳሉ። «ጀ»፥ «ከ» እና «ለ» ደግሞ ጎን ለጎን ናቸው። የሁለቱ ሕመም ወደ ሦስተኛዋ እንዳይዛመት ቶሎ ይድረሱላቸው።

«ትንሽ እርጥበት» ብለው ያለፉት ነገር ምን ነበር? ደረሶቹ የሚጽፉበትን የእንጨት ሎሃቸውን ያጠቡበት ውኃ ከሆነ ቀለሙ ሙጫ አለበት፤ ሙጫን በውኃ ቢጠርጉት ይዛመታል እንጂ አይለቅም። ነርሶች ከመርፌ በፊት ክንድ የሚጠርጉበትን አልኮል ከፋርማሲ ይግዙ፥ ጥጥ ነክረው በቁልፎቹ ዙሪያ በቀስታ ይጥረጉ። እስኪድኑ ድረስ የጎደለችውን ፊደል ከእኔ ደብዳቤ ላይ ኮፒ አድርገው ከቦታዋ ፔስት ያድርጓት። ወይም የምትቀርባትን ፊደል ይተኩባት፤ እኔ አይጠፋኝም።

ደግሞስ ለምን በእጅዎ አይጽፉልኝም? የኋላሸት ደሴ ላይ ፎቶ አንሥቶ ይልከው ነበር። የእጅ ጽሕፈትዎ ናፍቆኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፥ አይቆጡኝ። የጎረቤታችን ልጅ ፊርደውስ ከቤይሩት ሕፃን ይዛ መመለሷን፥ አባቷም በሩን ዘግቶባት እርስዎን ሊያማክር መምጣቱን እዚህ ድረስ ሰማን። ምን አሏቸው?

ልጅዎ ሀጀራ

*

መካነ ሰላም፥ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሀጀራ።

ልጄ ሀጀራ፥ ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ። እኔም ደረሶቼም ደኅና ነን፤ ወይራዋም አለች።

ያዘዝሽኝን በየተራ ፈጸምሁ። አጥፍቼ አስነሣሁ፤ ደፍቼ መታሁ፤ ከጤፍ ቅንጣት በቀር የወጣ የለም። የፈሰሰው እንዳልሽው የሎህ እጣቢ ነው፤ የአላህ ቃል የታጠበበት ስለሆነ የማይረገጥ ቦታ ላፈስሰው ይዤ ሳልፍ አመለጠኝ። ስለ አልኮሉ ግን እንዲህ ነው። ቁስል ለማጠቢያ የሚፈቀድበትን ኪታብ አላጣሁትም። ነገር ግን ሸህ አብዱልጀሊል ከፋርማሲ አልኮል ገዝቶ ወጣ ሲባል የሚያየው ገበያ ሁሉ ነው፥ ምክንያቱን የሚጠይቀው አንድም የለም። መምህር የሆነ ሰው ለሐሜት ደጅ አይከፍትም። ስለዚህ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ደጋግሜ ጠረግሁት፤ «ከ» እና «ለ» ተመለሱ። አልሐምዱሊላህ።

የጎደለውን ፊደል ከአንቺ ደብዳቤ ቀድቼ እንድለጥፍ፥ ወይም በሌላ እንድተካ የመከርሽኝን አልተቀበልሁትም። ቁርአን ሲያነብ አንዲት ሐርፍን፥ አንዲት ፊደልን፥ ከመውጫዋ አፈናቅሎ በሌላ የሚተካ ደረሳ ከእኔ ፊት ተነሥቶ ይሄዳል፤ እኔ ራሴ ያንኑ ላደርገው አይገባም። ስምም እንደዚሁ ነው። የልጁን ስም ከሌላ ወረቀት ላይ ቆርጦ የሚለጥፍ አባት ልጁን ጠራ አይባልም። ወይ በትክክል እጠራሻለሁ፥ ወይ ዝም እላለሁ።

በእጄ ስለ አለመጻፌ፥ የላክሽው መሣሪያ እንዳይቦዝን ነው ብለሽ ያዢው። ስለ ስጦታው ማፈርሽን ግን አልወደድሁትም። ሰጪ የስጦታውን እንከን አንድ ጊዜ ቢሰማ ይታገሣል፤ ሁለተኛ መንገር ማዋረድ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ከእንግዲህ ከእኔ ሮሮ አይደርስሽም።

ስለ ፊርደውስ ጠይቀሽኛል። የሰው ቤት ገበና በየደብዳቤው አይጻፍም፤ የተናገርሁት በእኔና በአባቷ መካከል ይቅር። አንቺ የራስሽን መንገድ ተመልከቺ። ያለ ፈቃዴ በደላላ እጅ መውጣትሽን አልረሳሁም፤ ዱዓዬን ግን አልከለከልሁሽም። ጁምዓ ጁምዓ መስጂድ ውስጥ አንገቴን አቅንቼ የምቆመው ስለ ቤቴ የምሰማው ንጹሕ ስለሆነ ነው። ይህን ጠብቂልኝ።

ጸሐፊው አብዱልጀሊል

*

ሪያድ፥ ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት አባቴ፥

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ የምጨርሰው ጊዜው ስላለቀብኝ ነው።

«ደኅና ነኝ» ስልዎ ከርሜአለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ከአሠሪዎቼ ቤት ከወጣሁ ቆየሁ። የምጽፍልዎ ከሁዳ ክፍል፥ በሁዳ ስልክ ነው። ሁዳ የማሻ ከተማ ልጅ ናት፤ ባትኖር ኖሮ መንገድ ላይ ነበርሁ። ከዚያ ቤት የወጣሁት በቤቱ ጌታ ምክንያት ነው። አባቴ፥ እኔ አልፈቀድሁም። ጮኼአለሁ፤ የሚሰማ ሰው ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ከዚህ አልፎ ለአባት የሚጻፍ ቃል የለኝም።

ሕፃን አለችኝ። ጁማና ብያታለሁ፥ በእናትዎ ስም። ግንባሯ የእርስዎ ነው፤ ስትቆጣ እንደ እርስዎ ዝም ትላለች እንጂ አታለቅስም።

ንጹሕ ነገር ጠብቂልኝ ብለውኝ ነበር። ያን ያነበብሁት እሷን አቅፌ ነው።

አሁን ወደ አገር ለሚመለሱ ሴቶች ምዝገባ ተከፍቷል፤ ሁዳ ትመዘገባለች። እኔም እጅ ሰጥቼ ከእሷ ጋር ልመዘገብ እችላለሁ። ሌላው መንገድ የደላላው ነው። ወደ ሩቅ ከተማ ይወስደናል፤ ሥራው ተደብቆ ነው፥ ሕፃንም አይቀበሉም። ያን ከመረጥሁ ጁማናን ለሁዳ ትቼ እሄዳለሁ። ሁዳ ትሰድበኛለች። «ደሞ አባት ያለሽ ሰው! እኔ ብሆን አንቀልባዬን አጥብቄ ዛሬ አውሮፕላኑ ሥር እተኛ ነበር» ትለኛለች። ሁዳ ግን የእርስዎ ደረሳ ሆና አታውቅም። ለፊርደውስ አባት የነገሩትንም አልነገሩኝም።

ረጅም መልስ አልፈልግም። ቁጣዎን በቃል ለማንበብ አቅም የለኝም። የሚቀበሉን ከሆነ እንደ ሁልጊዜው «ልጄ ሀጀራ» ብለው ይጀምሩልኝ። ያቺን ብቻ ካየሁ በማግሥቱ እመዘገባለሁ። ከሌለችበት ደግሞ ይገባኛል፤ ሌላ ምንም አይጻፉ።

ልጅዎ ሀጀራ

*

መካነ ሰላም፥ ታኅሣሥ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ምስጋና ለእርሱ ይሁንና ደኅና ነን።

ስለ መሣሪያው አታስቢ። «ከ» እና «ለ» ተመልሰዋል፤ ይኸው እያየሻቸው ነው። እኔም አፌ ያመጣውን የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ ከዚህ ወረቀት ላይ ያረፈው ቃል ሁሉ ታስቦበትና ተመርጦ ያረፈ ነው።

ውርጩ ዘንድሮ በርትቷል። ባቄላው በአበባው ተመትቶ ቀረ፤ ገብሱ ግን ተርፏል። የተሰበሰበውን አንቺ ትተኚበት በነበረው ክፍል አስገብተነዋል፤ አልጋሽንም ለደረሶች ሰጥቻለሁ።

መንገዱ ከአቀስታ ወዲህ ክፉ ሆኗል። በዚህ ወቅት ወደዚህ ለመምጣት የሚያስብ ሰው ቢኖር አትምጣ ብዬ እመክረዋለሁ፤ ያለበት ይሻለዋል።

ሰዎች ስለ አንቺ ይጠይቁኛል። መልሴ ዝምታ ነው፤ ስለ ሩቅ ሰው ብዙ ማውራት ለማንም አይጠቅምም። አንቺም አንደበትሽን ጠብቂ፥ ሶላትሽን አትተዪ። አላህ የሚያውቀውን ነገር ሰው ባያውቀው የሚጎድል የለም።

ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ከሸህ ኸባብ ቤት

*

ሪያድ፥ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባቴ ሆይ፥

አሰላሙ ዐለይኩም። መልስዎ ደረሰኝ። ቃል ሁሉ ተመርጦ ያረፈ ነው ብለዋል፤ እኔም እንደዚያ አድርጌ አነበብሁት። «ልጄ»ን ፈለግሁ፥ የለችም። ሀጀራን ፈለግሁ፥ የለችም። የእርስዎም ስም የለም። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ዱዓ አደርግልሻለሁ ይሉኝ ነበር፤ ጁምዓም የለችም።

ሁዳ «ኧረ ኪቦርዱ እንዳይሆን!» አለችኝ። እኔም አስቤው ነበር። ነገር ግን «አባቴን አታውቂውም፤ ተበላሽቶ ቢሆን ተበላሽቷል ይለኛል። አባቴ አይዋሽም» አልኋት።

አልቀየምዎትም። ለመልሱ ጨዋነት አመሰግናለሁ፤ ስድብ የለበትም። ነገ እሄዳለሁ። ጁማና ከሁዳ ጋር ናት።

ሀጀራ

*

መካነ ሰላም፥ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሀጀራ፥
ልጄ ሀጀራ፥
ልጄ ሀጀራ።

ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ ዛሬ በአንድ ፍላሽ መጡ። መንገዱ ተዘግቶ የኋላሸት ደሴ ላይ ከርሞ ነበር። የታኅሣሡን ደብዳቤዬን ያደረሰልሽ በበቅሎ ወደ ደሴ የወጣ አንድ ነጋዴ ነው፤ ደብዳቤውን ስጽፍ የአንቺ ጥያቄ ገና አልደረሰኝም፤ የመለስሁልሽ መስሎሽ ያነበብሽው ለጥያቄሽ አልነበረም።

በእርጥብ ጨርቅ የጠረግሁት ሙጫ አንቺ እንደፈራሽው ወደ «ጀ» ተዛመተ። ከ«ጀ» እስከ «ጆ» ቤተሰቧ በሙሉ ዝም አለ። ያን ጊዜ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ስለ ስጦታሽ ሁለተኛ አላማርርም ብዬ ቃል ስለሰጠሁ፥ «ጀ» የሌለባቸውን ቃላት ለቅሜ ጻፍሁልሽ። «ልጄ» አልተገኘችም። ስምሽ አልተገኘም። የራሴም ስም አልተገኘም፤ በአባቴ ስም ፈረምሁ። የሚቀርባትን ፊደል ተክቶ ሀጀራን አጣምሞ መጻፍ ነውር መሰለኝ፤ ስምሽን ከደብዳቤሽ ቀድቼ መለጠፍም ነውር መሰለኝ። «ከ» እና «ለ» ተመልሰዋል ማለቴ እውነት ነው። ያን እውነት ተናግሬ የቀረውን ዝም አልሁ። አባቴ አይዋሽም ብለሽ ለሁዳ የመሰከርሽው በዚያ ዝምታዬ ላይ ነው።

ለምን በእጅዎ አይጽፉልኝም ብለሽኝ ነበር። ቀኝ እጄ ከክረምት ወዲህ አልታዘዝ ብሎኛል። የሎሁ ውኃ ያመለጠኝም ስለዚህ ነው። ለደረሳ ላስጽፍ አልፈለግሁም፤ ለልጄ የምጽፈውን ሌላ ሰው እንዲያየው አልፈቀድሁም። ይህን በግራ እጄ፥ በአንድ ጣት እጽፋለሁ፤ «ጀ»ንና ቤተሰቧን ሁሉ ከአንቺ ደብዳቤ እየቀዳሁ እለጥፋለሁ። «ልጄ ሀጀራ» የሚለውን ያገኘሁት አንቺ ከእኔ ከለመንሽበት ቦታ ነው።

ለፊርደውስ አባት የነገርሁት ይህ ነው፦ «በሩን ክፈት። እሷ ያላጠፋችውን በእሷ ላይ አትጫን። አንተ ባትከፍት እኔ እከፍታለሁ።» እርሱም ከፈተ። ይህን አንዲት መስመር ከለከልሁሽ፤ ገበና ጠበቅሁ ብዬ።

ገብሱ ክፍልሽ የገባው የጎተራው ጣሪያ ስላፈሰሰ ነው። አሁን አስወጥቼዋለሁ፤ ደጅ ተከምሯል፥ ቢበሰብስም ይበስብስ። አልጋሽ ከቦታው ተመልሷል።

ንጹሕ ነገር ጠብቂልኝ ብዬሽ ነበር። ልጄ፥ የጠበቅሽው ንጹሕ ነው። ጁማናን ይዘሽ ነዪ። ነገ ተመዝገቢ። ከደላላው ጋር አትሂጂ። መስጂድ ውስጥ አንገቴን አቅንቼ እቆማለሁ፤ የልጅ ልጄን አቅፌ።

አባትሽ አብዱልጀሊል

*

ሪያድ፥ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሸህ አብዱልጀሊል፥

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ። እኔን አያውቁኝም፤ ሁዳ ነኝ። የሀጀራ ደብዳቤ የሚገባው በእኔ ስልክ ስለሆነ ያለ ፈቃድዎ አነበብሁት፤ አውፍ ይበሉኝ። ከላይ ሦስት ጊዜ «ልጄ ሀጀራ» ሲል ሳይ ጮህሁ። ሕፃኗ ደንግጣ ነቃች።

አባባ፥ ደብዳቤዎ የደረሰው ከሄደች በኋላ ነው። እንደጻፈችልዎ በማግሥቱ ሄደች። ለምኛት ነበር፥ ወላሂ። በሩ ላይ ቆሜ «እኔን ረግጠሽ እለፊ» አልኋት። «አባቴ ያለኝን ብሎኛል፥ ሁዳ» አለችኝና እጄን ይዛ ከበሩ አነሣችኝ። ደላላው የሁሉንም ስልክ ሰብስቧል። አብራት ልትሄድ የነበረች አንዲት ልጅ መኪናው ተይዞ ወሰዷቸው አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ ሾፌሩ በረሃው ላይ አውርዷቸው ሸሸ ትላለች። የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም። በየእስር ቤቱ በሰው በሰው አስጠይቄአለሁ፤ ሀጀራ የምትባል የለችም ይሉኛል። ስሟን በሌላ አጻጻፍ ጽፈዋት ይሆናል እያልሁ እንደገና አስጠይቃለሁ።

እኔ ተመዝግቤአለሁ። ስለ ሕፃኗ «ማን ይረከባታል?» ሲሉኝ የእርስዎን ስም ሰጠሁ፤ ደብዳቤዎን ይዤ ነው የሰጠሁት። ረመዳን ሳይወጣ አዲስ አበባ እንገባለን ብለውናል። ጁማና ጥርስ አብቅላለች። ዝም ስትል ታስፈራለች፤ ሀጀራ እርስዎን ትመስላለች ትል ነበር።

ሁዳ

*

መካነ ሰላም፥ ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሀጀራ፥

ጁማናን አዲስ አበባ ሄጄ ከሁዳ እጅ ተረከብሁ። ሁዳ ወደ ማሻ ከመሄዷ በፊት እዚህ ከርማ ከቤቱ ጋር አላመደቻት፤ ሕፃኗ ከእሷ በቀር ሰው አታውቅም ነበር። አሁን እኔንም ታውቀኛለች። በአንቺ አልጋ ትተኛለች። ጁምዓ መስጂድ ይዣት ገባሁ። ያጉረመረመ አለ፤ እኔም አንገቴን አቅንቼ ቆምሁ።

ከመስጂድ ስመለስ ፋርማሲ ገባሁ። ገበያው ሙሉ ነበር። አልኮሉን በወረቀት ልጠቅልልልዎ ቢሉኝ እምቢ ብዬ ጠርሙሱን በግራ እጄ ይዤ በመሐል አለፍሁ። የኋላሸት ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ «ሸህ! ኧረ እኔ እንኳ በአደባባይ አልይዝም!» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ቆሜ ለምን እንደገዛሁት ነገርሁት፤ ስለ አንቺም ነገርሁት፥ ስለ ጁማናም ነገርሁት፥ የጻፍሁልሽንም፥ ያልጻፍሁልሽንም።

እንዳዘዝሽኝ በጥጥ ነክሬ በቀስታ ጠረግሁ። ጥቁር ሙጫ ወጣ።

የኋላሸት አሁን ፍላሹን ሲቀበለኝ «የሚከፍተው የለም እኮ፥ ሸህ» ይለኛል። አውቃለሁ። ሁዳም እስካሁን ከየትም መልስ አላገኘችም። እኔ ግን መንገዱ በተከፈተ ቁጥር እልካለሁ፤ ከላይ የሚቀመጠውም ሁልጊዜ አንድ ነው።

ልጄ ሀጀራ።

ይህን አልቀዳሁትም።

አባትሽ አብዱልጀሊል